አህዮቹን የነገርኳት እኔ ነበርኩ

በታናሽ እህቴ የቀናሁት በአህያ ምክንያት ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም አሁን አሁን አብሬ እስቃለሁ። ያኔ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። እህል አልበላ እስኪለኝ ድረስ ነበር የቀናሁት።

የምንኖረው ሞላሌ ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ እህቴ ገና ፊደል ትቆጥራለች። እናታችን እግሯን ያማታል፤ ብዙ መቆም አትችልም። አባታችን ትቶልን የሄደው ከገበያው ዳር ያለችውን ትንሽ ሱቅ ነበር፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ ክብሪትና የባትሪ ድንጋይ የሚሸጥባት። ከመካከላችን አንድ ሰው እዚያ መቆም ነበረበት፤ እኔ ቆምኩ። ያስገደደኝ የለም። እናቴ "ለዘንድሮ ብቻ ነው" አለችኝ፤ አመንኳት። እሷም ራሷን ያመነች ይመስለኛል። ከዚያ ዓመት ዓመትን እየወለደ ሄደ። ከክፍሌ አንደኛ እወጣ እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ ሰው ከእኔ በቀር የለም።

እህቴ ተማረች። ደብተሯን፣ ጫማዋን፣ የደንብ ልብሷን የገዛሁላት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ውለታዬን ለመቁጠር አይደለም ልል ነበር፤ ግን ሳልቆጥር የዋልኩበት ቀን እንዳልነበረ አውቃለሁ። ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ በሱቁ ፊት ስታልፍ እጇን ታውለበልብልኛለች፤ እኔም መልሼ አውለበልባለሁ፤ ከዓይኔ እስክትሰወር ድረስ ግን ደረቴ ላይ አንድ ነገር ይከብደኛል። ስሙን አላውቀውም ነበር።

ሱቃችን ከእህል ተራው ፊት ለፊት ነው። በገበያ ቀን ከደጋው፣ ከጓሳ ወገን የሚመጡት ገብሳቸውን ጭነው በጠዋት ይደርሳሉ፤ ከቆላ የሚወጡት ደግሞ ማሽላና ሽንኩርት ይዘው ረፋዱ ላይ። ጭነታቸውን ካራገፉ በኋላ አህያቸውን የሚያስሩት በእኔ ሱቅ ቋሚዎች ላይ ነበር። ቋሚው ሲሞላ በበሩ መቀርቀሪያ ሳይቀር ያስራሉ። አንዱ ያናፋል፣ አንዱ ይራገጣል፣ አንዷ አንገቷን አስገብታ የሳሙና ካርቶን ትግጣለች። ፋንድያውን የምጠርገው እኔ ነኝ። በአንድ እጄ እየሸጥኩ በሌላው ዱላ ይዤ ሳባርር እውላለሁ። ሽማግሌ ከሆኑ "አባቴ፣ እባክዎ ወዲያ ይሰሩልኝ" እላለሁ፤ ጎልማሶቹን ግን አልምራቸውም ነበር። እነሱም መልሰው "የት ልውሰዳት ታዲያ?" ይሉኛል። ይህንን ጥያቄ ስንት ዓመት ሰማሁት፤ ስድብ እንጂ ጥያቄ መስሎኝ አያውቅም።

እህቴ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ በትምህርት ቤታቸው የሥራ ፈጠራ ክበብ ተቋቋመ። መምህራቸው እያንዳንዱ ተማሪ በአካባቢው ሰውን የሚያስቸግር አንድ ነገር ፈልጎ፣ ከዚያ ችግር ውስጥ ሥራ እንዲያወጣ አዘዟቸው። መጀመሪያ እናታችንን ጠየቀቻት። እናቴ የእኔ ችግር እግሬ ነው፣ እሱን ደግሞ እግዜር ያውቃል ብላ አሰናበተቻት። ከዚያ ወደ ሱቅ መጣችና የስኳሩ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ዘረጋች። እታለም እያለች ነው የምትጠራኝ።

"እታለም፣ ዘወትር የሚያናድድሽ ነገር ምንድን ነው?"

"አህያ" አልኳት።

ሳቅን። እሷ ግን ስቃ አልተወችውም። በገበያ ቀን ስንት ያህል እንደሚመጡ፣ ከየት ከየት እንደሚመጡ፣ ባለቤቶቹ ለምን ከዚህ እንደማይርቁ ጠየቀችኝ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ። ከእህል ተራው ሆነው በዓይናቸው ሊያዩዋቸው ስለሚፈልጉ ነው አልኳት፤ ስርቆቱን ይፈራሉ፤ ከስርቆቱም ይልቅ መቀያየሩን ይፈራሉ፣ ግራጫ አህያ ሁሉ አንድ ነውና። ከቆላ የሚወጡት አህዮች ዳገቱ ጨርሷቸው እንደሚደርሱና ቀኑን ሙሉ ውሃ የሚያቀምሳቸው እንደማያገኙም ነገርኳት። ሁለት ገጽ ሞላች። ትምህርቴን ካቋረጥኩ ወዲህ የማውቀውን ነገር ጠይቆኝ የጻፈ ሰው አልነበረም። ደስ አለኝ። መደበቅ አልፈልግም፤ በዚያች ሰዓት እህቴን ከልቤ ወድጃታለሁ።

ከሱቃችን ጀርባ፣ በቅርብ ጎጆ የሚኖሩ የአንዲት ባልቴት ግቢ አለ። ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ዙሪያውን የድንጋይ ካብ ብቻ የቀረ ሰፊ ባዶ ቦታ ነው። እኔ ለዓመታት የእጣቢ ውሃ የምደፋው በዚያ ካብ ላይ ነበር። እህቴ ሄዳ ባልቴቷን አነጋገረቻቸው፤ በገበያ ቀን አህያ እያስከፈልኩ ላቆይበት፣ ከገቢው ላካፍልዎ አለቻቸው፤ እሺ አሏት። ከሁለት የክፍል ጓደኞቿ ጋር የፈረሰውን ካብ ጠገነች፣ ካስማ በረድፍ ተከለች፣ ግማሽ በርሜል አምጥታ ውሃ ማጠጫ አደረገች። ገለባ ገዝታ ከመረች። ከጎረቤታችን ልብስ ሰፊ የተረፈ ጨርቅ ለመነችና፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ለሁለት ቀድዳ ግማሹን በአህያው አንገት አሰረች፣ ግማሹን ለባለቤቱ ሰጠች። ማታ ሲመጡ ሁለቱ ቁራጮች ካልገጠሙ አህያ ከበር አይወጣም። ማንበብ የማይችለውም ሰው በዚህ አይሳሳትም።

የመጀመሪያው ገበያ ሦስት አህያ ብቻ ገባ። እህቴ ከብርዱ ነፋስ ጋር በሩ ላይ ቆማ ዋለች። ሲመሽ ፊቷ ጠቁሮ ስትመጣ አይዞሽ አልኳት፤ ውስጤ ግን ቀለል ብሎት ነበር። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። በሁለተኛው ገበያ አሥር ገቡ። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ በሱቄ ፊት አንዲትም አህያ አልቀረችም።

ለዓመታት የለመንኩት ነገር ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ ፋንድያ የለም፤ ዱላዬ ጥግ ቆሞ ይውላል። ከዚያ ቀስ ብሎ የገባኝ ነገር ቢኖር ሰውም እንደሌለ ነው። ለካ አህያውን ሲያስር ጨው የሚገዛው፣ ሲፈታ ሳሙና የሚይዘው ባለአህያ ነበር ደንበኛዬ። የግቢው በር በማዶው መንገድ በኩል ነው፤ እዚያ ያለችው ሌላዋ ባለሱቅ ጨውን በሩ ድረስ አውጥታ መደርደር ጀመረች። እህቴ ይህን አላሰበችውም፤ እኔም አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት? አህዮቼን መልሽልኝ ልበላት?

በዚያ ላይ ስሟ ወጣ። ባልንጀሮቼ ሱቅ ሲመጡ የሚያወሩት ስለ እሷ ነው። ቀድሞ በአባቴ ስም የሚያውቁኝ የገጠር ሰዎች "የዚያች የአህያ ማቆያዋ ልጅ እህት" ይሉኝ ጀመር። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ማን ምን ብሎ እንዳመሰገናት እየደጋገመች ትነግረኛለች። አንድ ቀን የቆጠብኩትን አውጥቼ አዲስ መጋረጃ ሰቀልኩ። እናቴ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው፣ ዛሬ ወረዳ ያሉ ሰዎች ግቢውን ሊያዩ መጡ አለችኝ። ምሳው ላይ ጨው አበዛሁባት። ስታማርር ደግሞ ተቆጣኋት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት የለ፤ ያው ነው።

በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤቱ የተማሪዎቹን ሥራ ለማሳየት ወላጆችን ጠራ። እናቴን ደግፌ ወሰድኳት። ነጠላዬን አጥቤ ነበር፤ ፀጉሬንም ተሠርቼ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ የተዘጋጀሁት ለራሴ ነው። እህቴ መድረክ ላይ ወጥታ ስለ አህዮቹ ስትናገር፣ ይህን የነገረችኝ እህቴ ናት ትላለች፣ ሰውም ዞሮ ያየኛል ብዬ ነበር። ቃሉን በየት በኩል እንደምታስገባው ሳይቀር በልቤ አስቤያለሁ።

ወጣች። ማይኩን ይዛ ጥሩ አድርጋ ተናገረች። በገበያ ቀን ስመላለስ አንድ ነገር አየሁ ብላ ጀመረች። ባለቤቶቹ ከእህል ተራው ሆነው ሊያዩዋቸው ይፈልጋሉ አለች። ከስርቆት ይልቅ መቀያየሩን ይፈራሉ አለች። ግራጫ አህያ ሁሉ አንድ ነውና ስትል አዳራሹ ሳቀ። ያቺ የእኔ ቃል ናት። በእኔው አፍ የወጣች፣ እዚያው ስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጣ የጻፈቻት። መጨረሻ ላይ መምህራኑን አመሰገነች፣ ባልቴቷን አመሰገነች፣ ልብስ ሰፊውን አመሰገነች፣ እናቷን አመሰገነች። ከዚያ ወረደች።

እናቴ እልል አለች። መምህራቸው መጥተው እጇን በሁለት እጃቸው ጨበጡና ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለዱት አሏት። ወደ እኔም ዞረው አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ አሉኝ። ሱቅ እጠብቃለሁ አልኳቸው። ጎሽ አሉኝና ወደ ሌላ ሰው አለፉ።

በማግስቱ ግማሽ ኪሎ ስኳር ቋጥሬ ባልቴቷ ቤት ሄድኩ። ለጥየቃ የሄድኩ መስዬ ነው። ስለ ጤናቸው ጠየቅኳቸው፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ከዚያ እንደ ዋዛ ነገሩን ጣል አደረግኩት።

"እማማ፣ ያ ሁሉ አህያ ግቢዎ ሲውል ግን አይፈሩም?"

"ምን እፈራለሁ ልጄ?"

"እግዜር አያርገውና አንዱ አንዱን ረግጦ ቢገድል፣ ወይ ደግሞ ቢሰረቅ፣ የሚጠየቀው የግቢው ባለቤት ነው። ልጅቷ እንደሆነች ተማሪ ናት፤ ምኗ ተይዞ ይጠየቃል?"

ባልቴቷ ፈትላቸውን አስቀመጡ። ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ ፍርድ ቤት የሚባል ነገር ስሙ ያስፈራቸዋል። እኔ ይህን አውቅ ነበር። ስወጣ በሩ ድረስ ሸኙኝና ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥሽ ብለው መረቁኝ። የገዛ እህቴን "ልጅቷ" ብዬ እንደጠራኋት ያስታወስኩት መንገድ ላይ ነው። አልተመለስኩም።

በሚቀጥለው ገበያ ጠዋት እህቴ ጀሪካን ተሸክማ ስትሄድ የግቢው በር በእሾህ ታጥሯል። ባልቴቷ በካቡ ላይ ሆነው ከእንግዲህ አልፈልግም አሏት፤ ለምን ስትላቸው አልፈልግም ከማለት ሌላ አልመለሱላትም። ወዲያው ሰዎቹ መድረስ ጀመሩ። ለእያንዳንዳቸው ይቅርታ ስትጠይቅ በሱቄ የጀርባ መስኮት በካቡ አሻግሬ አያት ነበር። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለቀሰችም። አህዮቹን አንድ በአንድ እየሳበች አመጣችና በሱቄ ፊት፣ በቀድሞው ቦታቸው፣ በረድፍ አሰረቻቸው። በርሜሉን እየገፋች አመጣች። ጨርቆቹን ቀድዳ ሰጠች። ቀኑን ሙሉ ከረድፉ ራስ እስከ ጭራ እየተመላለሰች ዋለች፤ አንዱ ሲያናፋ ሄዳ ታባብላለች፤ ፋንድያውንም እኔ ሳልወጣ ጠረገችው።

ሰዉ ጨው ገዛ፣ ሳሙና ገዛ። እንደዚያ ቀን ሸጬ አላውቅም። ግን መልስ ስሰጥ እጄ ይሳሳታል፤ ሰው ሲያናግረኝ አልሰማም። የፈለግኩት ሁሉ በደጄ ታስሮልኝ ሳለ ወደ ውጭ ማየት አቃተኝ።

ወደ አመሻሹ ላይ ባልቴቷ ክብሪት ሊገዙ መጡ። እህቴ ገብታ ውሃ እየጠጣች ነበር። አላዩዋትም፤ ዓይናቸው ደከም ይላል።

"እንዳልሽኝ ዘግቼዋለሁ ልጄ። አንቺ ባትነግሪኝ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?"

እህቴ ጣሳውን አስቀመጠች። ባልቴቷ ክብሪታቸውን ይዘው ሄዱ። እሷም ወጥታ አህዮቹን ለባለቤቶቻቸው ማስረከብ ቀጠለች፤ ጨርቅ ከጨርቅ እያገጠመች፣ መንገድ ያግባችሁ እያለች። የመጨረሻው ሰው ሲሄድ ተመልሳ መጣችና ከባንኮኒው ማዶ ቆመች።

"ለምን?" አለችኝ።

ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። መዋሸት አሰብኩ፤ ከዚያ ስንት ቀን አፌ ላይ የከረመው ወጣ።

"አህዮቹን የነገርኩሽ እኔ ነኝ። መድረኩ ላይ ልብስ ሰፊውን እንኳ አመስግነሻል።"

 ረስቼ ነው ብትለኝ አላምናትም ነበር፤ እሷም አላለችም።

"አልረሳሁም" አለች። "ሆን ብዬ ነው። እታለም፣ የለበስኩት ያንቺ ነው፤ ደብተሬ ያንቺ ነው፤ ሰው ሁሉ ሲያየኝ እህትሽ ናት ያስተማረችሽ፣ እንዳታሳፍሪያት ይለኛል። አንድ ነገር እንኳ የእኔ ብቻ እንዲሆን ፈልጌ ነበር።"

እኔ በእሷ ስቀና እሷ በእኔ ትቀናለች ብዬ አስቤ አላውቅም። ከእኔ ምን የሚያስቀና ነገር አለ? ከአባቴ የወረስኳት ጠባብ ሱቅና ዱላ።  ይቅርታ የተባባልን አይመስለኝም። ሱቁን አብራኝ ዘጋች፤ በሩ ስለሚከብድ አንዱን ወገን እሷ ገፋችው፤ ከዚያ ወደ ቤት ሄድን። እናቴ ገበያው እንዴት ነበር ስትል ሁለታችንም ደህና ነበር አልናት።

በነጋታው ባልቴቷ ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ። የነገርኳቸው እውነት እንዳልሆነ፣ በቅናት እንደተናገርኩት ነገርኳቸው። ቅናት የሚለውን ቃል በራሴ ላይ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን የቅናቱ ነገር ብዙም አልደነቃቸው። የያዛቸው ፍርሃቱ ነው። ሰው አንዴ ከፈራ፣ ያስፈራው ሰው ተመልሶ አትፍራ ቢለው አይሰማም። ዋስ ካላመጣችሁ አልከፍትም አሉ። ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ። በሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ፊት፣ በዚያ ግቢ ውስጥ አህያ ቢጠፋ ወይም ቢሞት ተጠያቂዋ እኔ ነኝ ብዬ ፈረምኩ።  እህቴ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ስንወጣ ነጠላዬ ወደ መሬት ሲንሸራተት አንስታ ትከሻዬ ላይ መለሰችልኝ።

ግቢው ተከፈተ። አህዮቹ ሄዱ፤ ደንበኞቼም አብረው ሄዱ። ተራርቀን ነበር ልበል ወይስ ተቀራርበን፣ አላውቅም። አንዳንድ ጊዜ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቅ ትገባና ስለ ግቢው ታማክረኛለች፤ ገለባው እየረጠበ ነው፣ ምን ላድርግ ትለኛለች። የማውቀውን እነግራታለሁ። ስነግራት ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ደስ አይለኝም፤ የራሴን ቃል አሳልፌ እየሰጠኋት እንደሆነ ይሰማኛል።

በዓመቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን አለፈች፤ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ልትሄድ አንድ ሳምንት ሲቀራት ግቢውን አንቺ ያዢው አለችኝ። ከልቧ ነው የለመነችኝ። ካስማው የት የት እንደላላ ሳይቀር አሳየችኝ። እኔ ሱቁ ይበቃኛል አልኳት። እሷ የጀመረችውን ሥራ ተቀብዬ፣ ሰው የእህቷን ሥራ ይዛ ቀጠለች እንዲለኝ አልፈለግኩም። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ለልብስ ሰፊው ሰጠችው።

ልብስ ሰፊው ብልህ ሰው ነው። የስፌት መኪናውን ተሸክሞ ግቢው በር ላይ አቆመ፤ የጓሳ ሣር አስመጥቶ ዳስ ሠራ። ሰዉ አህያውን ሲያስገባ የተቀደደ ሱሪውን ይሰጠዋል፤ ማታ ተሰፍቶ ይረከባል። በገበያ ቀን ከሱቄ ሆኜ የመኪናውን ድምፅ እሰማለሁ። እኔም በቦታው ብሆን ምን እንደማደርግ አስባለሁ፤ ጨው ከነሚዛኑ እዚያው አወርድ ነበር፤ ለሚጠብቁት አግዳሚ አኖር ነበር። አሁን በሰውዬውም እቀናለሁ። እምቢ ያልኩት ራሴ ሆኜ ሳለ።

ባለፈው ለፋሲካ እህቴ መጣች። ባቄላ እየለቀምን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስለ ዩኒቨርሲቲ ግቢያቸው፣ ስለ ጓደኞቿ፣ ደብረ ብርሃን ሆና ስላየችው ሌላ ችግር ታወራልኝ ጀመር፤ በየመኝታ ክፍሉ ስለሚጣለው የተራረፈ ዳቦ። ዓይኗ ያበራል። ስሰማት ያ የድሮው ክብደት ደረቴ ላይ መጣ፤ አሁን ስሙን አውቀዋለሁ።

"እቀናብሻለሁ" አልኳት። "አሁንም አልለቀቀኝም።"

"አውቃለሁ" አለችኝ። ቀና ብላ አየችኝና የተለቀመውን ባቄላ ከነሳህኑ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። "ስለ ዳቦው ግን ምን ትያለሽ?"

ትንሽ አሰብኩና፣ መጀመሪያ የሚጥሉትን ሳይሆን የሚጠርጉትን ጠይቂ አልኳት።